ዮሴፍ ለምን ወደ ይሁዳ አልሄደም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት በቤተ ክርስቲያናችን ወርኃ ጽጌ ይባላሉ። በእነዚህ ቀናት የሚጾመው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የምንጾመውም እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የተወደደ ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሰደዷን በማሰብ ነው። በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ኅዳር 6 ቀን ደግሞ የቁስቋም ማርያም በዓል ይከበራል። ስለ ስደቷ ብዙ ተሰብኳል። ረኃቡ፣ ጥሙ፣ የበረሃው ሐሩር፣ የሽፍቶቹ ማስፈራራት በየዓመቱ ይነገረናል። ስለ መመለሷ ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም። ሄሮድስ ሞተ፣ እነርሱም ተመለሱ ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ወንጌላዊው ቅዱስ ማቴዎስ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈውም።

ታሪኩ ይህ ነው (ማቴ. 2፥19-23)። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ የጌታ መልአክ ለዮሴፍ በሕልም ታየው። የሕፃኑን ነፍስ ይፈልጉ የነበሩት ሞተዋልና ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ እስራኤል አገር እንዲመለስ ነገረው። ጻድቁ ዮሴፍም ሳይዘገይ ተነሣ። ነገር ግን በይሁዳ ላይ አርኬላዎስ በአባቱ በሄሮድስ ፈንታ መንገሡን ሲሰማ ወደዚያ መሄድን ፈራ። እንደገናም በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ ሄደ፤ በናዝሬት ተቀመጠ። ናዝሬት ቀድሞም ያውቃት ነበር፤ እመቤታችንን መልአኩ ያበሠራት በዚያች ከተማ ነው። የአባቶቹ ርስት፣ የዳዊት ከተማ ግን ቤተ ልሔም ነበረች። ቤተ ልሔም ደግሞ በይሁዳ ናት። ስለዚህ ዮሴፍ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ወደ ርስቱ ግን አልተመለሰም።

እስቲ «ፈራ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። የፈራው ማን ነው? መጽሐፍ ጻድቅ ብሎ የመሰከረለት ሰው ነው። መልአክ ያነጋገረው፣ ጌታን በክንዱ የያዘ ሰው ነው። ታዲያ እግዚአብሔር «እኔ ተመለስ ካልሁህ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ገሠጸው? አልገሠጸውም። ይልቁንም በሁለተኛ ሕልም ፍርሃቱን ተቀብሎ ሌላ መንገድ አሳየው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። የአይሁድን ታሪክ የጻፈው ፍላቪዩስ ዮሴፎስ እንደሚናገረው አርኬላዎስ ገና በነገሠበት ወራት በፋሲካ በዓል ወታደር ልኮ በቤተ መቅደሱ አካባቢ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሕዝብ አስፈጅቷል። ሮማውያን ራሳቸው በ6 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሥልጣኑ አንሥተው አግዘውታል። እንግዲህ የሄሮድስ መሞት አንድ ነገር ነው፤ ቤት ገብቶ በሰላም ማደር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አርኬላዎስ አለ።

ጥያቄው የእኛም ነው

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ስምምነቱ ጸጥታው ሲፈቅድ ተፈናቃዮች እንዲመለሱ ይላል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወደ ጸለምትና ወደ ራያ የተመለሱ አሉ። ሆኖም ጦርነቱ ቆሞ ዓመታት ካለፉ በኋላም በመቀሌ፣ በሽሬና በሌሎች ከተሞች በትምህርት ቤትና በመጠለያ የቆየው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ወደ ደቡብ ብንሄድ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ቶሎ ወደ ቀያችሁ ግቡ ተብለው ከገቡት መካከል ቤቱን ዐመድ ሆኖ ያገኘ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይታረቅ ገብቶ ሁለተኛ ጊዜ የተሰደደ ነበረ።

ወደ እኛም ቅርብ ነው። በጎረቤታችን በወለጋ፣ በምሥራቅ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ፣ ባለፉት ዓመታት ኦሮሞውም አማራውም ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰዶ በመጠለያ የኖረ አለ። በ2016 ዓ.ም. የመመለሱ ሥራ ሲጀመር አንዳንዱ ደስ ብሎት ገባ፣ አንዳንዱ እየፈራ ገባ፣ አንዳንዱም ከገባ በኋላ ተመልሶ ወጣ። ከሁሩሙ ብዙም ሳይርቅ በቡኖ በደሌ ዞን በጮራና በደጋ ወረዳዎችም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ወሩን ልብ በሉ፤ ጥቅምት የጽጌ ወር ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት እናስብ። ባሏ የተገደለባት፣ ሦስት ልጆች ይዛ በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ያለች ናት። «አገራችሁ ሰላም ሆኗል፣ ግቡ» ተባለች። ድንኳኑ ውስጥ ልጆቿ ይታመማሉ፤ እርዳታውም ቀንሷል። አገሯ ማሳ አላት፤ የባሏ መቃብር አለ፤ የተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ግን ደግሞ ባሏን የገደለው ሰው እዚያው ገበያ ይወጣል፤ ይገባል። ብትመለስ ልጆቿን አሳልፋ እንዳትሰጥ ትፈራለች። ብትቀር የአባታቸውን ርስት ታሳጣቸዋለች። ይህች እናት ምን ታድርግ? ንስሐ አባቷንስ ብትጠይቅ ምን ይመልሱላት?

ሁለት የችኮላ ፍርዶች

ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። ሁለቱም መንፈሳዊ ይመስላሉ፣ ሁለቱም ግን ይጎዳሉ።

የመጀመሪያው «እምነት ቢኖርሽ ትመለሺ ነበር፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሻል» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሚመለስበት ቦታ የሌለው፣ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው። ጌታችን ሐዋርያቱን ሲልካቸው በአንዲቱ ከተማ ቢያሳድዷቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ ነግሯቸዋል (ማቴ. 10፥23)። ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ከመንበሩ አምስት ጊዜ ተሰድዷል። ለምን ሸሸህ ብለው ለወቀሱትም ስለ ሽሽቱ መልስ የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ፈሪ አላለችውም፤ ሐዋርያዊ ብላ ታከብረዋለች።

አንድ ሰው «የእኛው አቡነ ሚካኤልስ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. እዚሁ በኢሉባቦር ምድር፣ በጎሬ፣ በፋሺስት እጅ ተገድለው ሰማዕት ሆነዋል። እንኮራባቸዋለን። ግን ሰማዕትነትን የሚመርጠው የሚቀበለው ሰው ራሱ ነው። እኔ ለራሴ ልመኘው እችላለሁ እንጂ የሌላይቱን እናት ሦስት ልጆች ሰማዕት ሁኑ ብዬ ልልክ አልችልም። በሌላ ሰው አንገት ጀግና መሆን እምነት አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ገዳዮቻችን ያሉበት ትገቢያለሽ? ብትመለሺ የሞቱትን ከዳሻቸው» የሚል ነው። ይህም ከመጀመሪያው አይሻልም። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በባዕድ አገር ቀብራ ባዶ እጇን ስትመለስ ማንም ከዳተኛ አላላትም (ሩት 1)። ሰው ወደ ማሳው፣ ወደ አባቱ መቃብር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መመለስ መፈለጉ በደል ሊሆን አይችልም። የሞቱት ወገኖቻችንም ሕያዋኑ በድንኳን ውስጥ እንዲያልቁላቸው አይጠይቁንም፤ የሚሹት ጸሎትና ተዝካር ነው።

በባቢሎን ምርኮ ጊዜ የሆነውን እንይ። ቂሮስ ሲፈቅድ ከምርኮ የተመለሰው ጉባኤ 42,360 ነበር (ዕዝ. 2፥64)። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ነቢዩ ዳንኤል እስከ ቂሮስ ዘመን በሕይወት ነበረ (ዳን. 10፥1)፤ እርሱ ግን እዚያው ነው የምናገኘው። በመስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይጸልይ የነበረ ሰው ነው፤ አገሩን ጠልቶ ነው የሚለው ማን ነው? የተመለሰው ዘሩባቤልም የቀረው ዳንኤልም የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው። እንግዲህ መመለስ ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ መቅረትም ብቻውን ኃጢአት አይደለም።

«አገርህ» የቱ ነው?

በኢሉባቦር ይህን ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ምክንያት መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ ሌሎች ቦታዎች አሰፈረ። በአገር ደረጃ በሁለት ዓመት ገደማ ወደ 600 ሺህ የሚደርስ ሰው ነው የተነሣው። አንዳንዱ በፈቃዱ መጣ፣ አንዳንዱ ተገዶ መጣ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙው «አገሬ» ብሎ ወደ ወሎ ተነሣ። ሲደርስ ግን መሬቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ያ መሬቱን የያዘው ገበሬም ሌባ አልነበረም፤ በማኅበር ተደልድሎለት ያረሰ ድኃ ነው። ሌላው ደግሞ ከዚሁ ቀረ፤ ልጅ ወለደ፣ ቡና ተከለ፣ ኦሮምኛ ተማረ፣ ወላጆቹን እዚሁ ቀበረ። ከዚህ የተወለደውን ልጅ «አገርህ ግባ» ቢሉት የት ይግባ?

ስለዚህ ውሳኔው የባለቤቱ ነው የምንለው በዋዛ አይደለም። የሕፃኑን እንቅልፍ፣ የሬሳውን ብዛት፣ የጎረቤቱን ዓይን የሚያውቀው እርሱ ነው። የምድር ሕግ እንኳ ይህን ተረድቷል። አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ የተፈረመው የአፍሪካ አገሮች ስምምነት ተፈናቃዩ መመለስን፣ ባለበት መኖርን ወይም ወደ ሌላ ቦታ መሄድን እውነቱን አውቆ በፈቃዱ እንዲመርጥ ያዛል። ዓለማዊው ሕግ ይህን ካለ እኛ የክርስቶስ ነን የምንለው እንዴት በሰው ላይ ፍርድ እንቸኩላለን?

ይቅርታና መመለስ አንድ ናቸውን?

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «ይቅር ካለ ለምን አይመለስም? አለመመለሱ ቂም አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለዚህ የያዕቆብን ታሪክ እናንብብ (ዘፍ. 32-33)። ያዕቆብ ከኤሳው ሸሽቶ በላባ ቤት 20 ዓመት ኖረ። ሲመለስ ኤሳው 400 ሰዎች ይዞ መጣበት፤ ያዕቆብም እጅግ ፈራ። ሲገናኙ ግን ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። እርቁ የእውነት ነበር። ከዚያ ኤሳው አብረን እንሂድ ሲለው ያዕቆብ በትሕትና አንተ ቅደም፣ እኔ ቀስ እያልሁ እመጣለሁ አለ። ኤሳው ወደ ሴይር፣ ያዕቆብ ወደ ሱኮት ሄዱ። በአንድ ግቢ አልኖሩም። አባታቸው ይስሐቅ ሲሞት ግን አብረው ቀበሩት (ዘፍ. 35፥29)።

አያችሁ? ታርቆ ራቅ ብሎ መኖር አለ። ይቅርታ በልብ የሚፈጸም ነው፤ ባለበት ሆኖ፣ በድንኳን ውስጥም ሆኖ ይቻላል። ክርስቲያን ሁሉ የታዘዘውም ይህን ነው። መመለስ ግን ከተበደለው ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከበደለውና ዝም ብሎ ካየውም ይጠበቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ስለረሳን ብቻ ሌላው ረስቷል ማለት አይደለም። በአገራችን ጃርሳ ቢያ ደም ሲያደርቁ በቃል ብቻ አይጨርሱትም። በደሉ ይነገራል፣ ጥፋቱ ይታመናል፣ ጉማ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ነው አራራው የሚጸናው። ዘኬዎስም ጌታን ከተቀበለ በኋላ ተጸጸትሁ ብቻ ብሎ አልተቀመጠም፤ የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)።

«ታዲያ ማንም ካልተመለሰ ያባረረው አሸነፈ ማለት አይደለም?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ቸል ሊባል አይገባም። ሰው ፈርቶ በቀረ ቁጥር ግፍ እንደሚያዋጣ ሌላው ይማራል። ነገር ግን የዚህ ሸክም በማን ትከሻ ላይ ነው? በመበለቲቱ? አርኬላዎስን ከዙፋኑ ማንሣት የዮሴፍ ሥራ አልነበረም። የእርሱ ሥራ ሕፃኑንና እናቱን መጠበቅ ነበረ። ተፈናቃዩ እንዲመለስ የሚፈልግ ሁሉ ጥያቄውን ወደ ራሱ ማዞር አለበት። «ለምን አትመለስም?» ከማለታችን በፊት «ምን ብናደርግ መመለስ ይችላል?» እንበል።

ቡናው ሲቀላ

ለዚህ ደግሞ ከሱነማዊቷ ሴት ታሪክ የሚበልጥ አላገኘሁም (2ኛ ነገ. 8፥1-6)። ነቢዩ ኤልሳዕ ረኃብ እንደሚመጣ ነግሯት ከቤተሰቧ ጋር ሰባት ዓመት በፍልስጥኤም ተሰደደች። ስትመለስ ቤቷንና እርሻዋን ሌላ ይዞታል። ወደ ንጉሡ ጮኸች። ንጉሡም አንድ ሹም አዘዘላት፤ የእርሷ የሆነውን ሁሉ፣ አገሩን ከለቀቀችበት ቀን ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን የእርሻዋን ፍሬ ሁሉ ጭምር እንዲመልስላት አደረገ። መሬቱን ብቻ አላለም፤ የሰባቱን ዓመት ፍሬ ጭምር ነው።

ጾመ ጽጌ የሚገባው በእኛ አገር ቡና በሚቀላበት ጊዜ ነው። ከሁሩሙ እስከ መቱ፣ ከያዩ እስከ ጎሬ ሰዉ ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ለቀማ ይወጣል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ተሰዶ የሄደ ሰው ቡና ሲቀላ ማን ይለቅመዋል? እሸቱን ማን ይሸጠዋል? ጀንፈሉ በማን ጎተራ ይገባል? ቡና ባለቤቱ ስለሌለ መቅላቱን አይተውም። አንድ ሰው ይለቅመዋል። በዚያች ቅርጫት ውስጥ ነው የተሰደደው ሰው መመለስ አለመመለስ የሚወሰነው። ለቃሚው አደራ ነው ብሎ ከያዘ፣ የድካሙን ወስዶ የቀረውን ለባለቤቱ ካስቀመጠ፣ መንገዱ ክፍት ነው። የእኔ ነው ብሎ ከበላ ግን በየዓመቱ ባለቤቱ እንዳይመለስ የሚመኝ ሰው ይሆናል። እንዲህ ነው ሰው ሳያስበው አርኬላዎስ የሚሆነው። እንደ ሄሮድስ አልገደለም፣ አላቃጠለም፤ ተሰዳጁ እንዲቀርለት ግን ይፈልጋል።

ይህ ለቡና ብቻ አይደለም። በሬውም፣ ቆርቆሮውም፣ ከተቃጠለ ቤት የተነቀለው በርም እንዲሁ ነው። የተሰደደ ሰው ንብረት በእጁ ያለ ሰው ጾሞ ቢሰግድ፣ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ቢያድር፣ ያንን ሳይመልስ ንስሐው አይሞላም። ንስሐ አባቶችም የሰው ገንዘብ የያዘውን መልስ ማለታቸው የታወቀ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የተጨቆነውን ነጻ ማውጣት፣ ስደተኛውን ድኃ ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ ተናግሯል (ኢሳ. 58፥6-7)።

ስለዚህ በዚህ ጾም እያንዳንዳችን የምንችለውን እናድርግ። የተሰደደ ጎረቤት ንብረት በእጃችን ካለ በሽማግሌ ፊት ቆጥረን እናስመዝግብ። የይዞታ ደብተሩ ለተቃጠለበት ሰው ድንበሩን የምናውቅ እንመስክርለት፤ ያየነውን አይተን ዝም ማለት በሐሰት ከመመስከር አይለይም። ስልክ ደውሎ «አገሩ እንዴት ነው?» ለሚለን እውነቱን እንንገረው። ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን ነቢዩ ኤርምያስ ወቅሷል (ኤር. 6፥14)። ገና ከሆነ ገና ነው እንበለው፤ ቢያዝንም በሕይወት ይኖራል። ሰላም ከሆነ ደግሞ «እኔ በር ላይ እጠብቅሃለሁ» እንበለው። ተመልሶ ለገባው እድራችን ስሙን ሳይሰርዝ ይቆየው። ወደ እኛ ተሰዶ መጥቶ መመለስ ላልቻለው ደግሞ ግብፅ ለጌታ እንደሆነችለት እንሁንለት፤ «መቼ ነው የምትሄደው?» እያልን አናሳቀው።

ለአንቺም እናቴ፣ ለአንተም ወንድሜ፣ በመጠለያ ሆናችሁ ይህችን ጽሑፍ ለምታነቡ! ብትመለሱ እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና። ብትቀሩም አታፍሩ። ከግብፅ ስትመለስ እመቤታችን ወደ ቤተ ልሔም አልገባችም፤ ልጇ ግን ናዝራዊ ተብሎ ተጠራ፤ የዓለም መድኃኒት ያደገው በሁለተኛው ምርጫ በተገኘችው ከተማ ነው። ውሳኔያችሁን በጸሎት፣ ከንስሐ አባታችሁና ከቤተሰባችሁ ጋር ተማክራችሁ ወስኑ። በቀረው ሸክም እናንተ አትጠየቁበትም፤ የምንጠየቅበት እኛ ነን።

የስደተኞች ተስፋ እመቤታችን በምልጃዋ የተበተኑትን ትሰብስብልን፤ በየልባችን የነገሠውን አርኬላዎስ ልጇ ወዳጇ ያስወግድልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።